የመኪናው ስክሪን በአሽከርካሪው ስልክ ሲገናኝ፦ ሆትስፖት በአዳማና በስምጥ ሸለቆ መስመር

አዳማ፦ በአገሪቱ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ቁጥር መጨመሩን ተከትሎ፣ የመኪናን ስክሪን በስልክ ሆትስፖት አማካይነት ከኢንተርኔት ጋር አገናኝቶ መጓዝ ለብዙ አሽከርካሪዎች የዘወትር ተግባር ሆኗል። በቢሾፍቱና በሞጆ አድርገው ወደ አዳማ፣ ከዚያም አልፈው ወደ ወለንጪቲና መተሃራ፣ ወይም ከሞጆ ተገንጥለው ወደ መቂ፣ ባቱና ሻሸመኔ ለሥራ የሚመላለሱ የመንግሥት ሠራተኞችና ኃላፊዎችም በዚሁ መንገድ ሲጠቀሙ ይስተዋላል።

አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። ይሁንና ስክሪኑ የሚጠቀምበት ዳታም ሆነ ኃይል የሚወጣው ከአንድ ሰው ስልክ ነው። ያ ስልክ ደግሞ በአሁኑ ወቅት የአሽከርካሪው የገንዘብ ቦርሳ ጭምር በመሆኑ፣ ጉዳዩ ከመዝናኛ ያለፈ ትኩረት የሚሻ ሆኖ ይገኛል።

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን ያስታወቀው በጥር ወር 2016 ዓ.ም ነበር። ቀደም ሲል በ2014 ዓ.ም የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከሱር ታክስና ከኤክሳይዝ ታክስ ነፃ እንዲሆኑ የተደረገ ሲሆን፣ ሁለቱ እርምጃዎች ተደምረው በመንገዶቻችን ላይ የሚታየውን የመኪና ዓይነት በአጭር ጊዜ ውስጥ ለውጠውታል። ከእነዚህ መኪኖች መካከል ቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6ን እንዲሁም የተለያዩ የቢዋይዲ ሞዴሎችን ጨምሮ በርካቶቹ በመጀመሪያ የተሠሩት ለቻይና ገበያ ነው። የችግሩ መነሻም እዚህ ላይ ነው።

ለቻይና ገበያ የሚሠራ ዘመናዊ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ በውስጡ የራሱን ሲም ይዞ ይወጣል። ሲሙ የተመዘገበው በቻይና የቴሌኮም ኩባንያ ስም ሲሆን፣ አገልግሎቱም በዚያው አገር ኔትወርክ ላይ የተመሠረተ ነው። መኪናው በጅቡቲ ወደብ በኩል አገራችን ሲደርስ ይህ ሲም የሚገናኘው አካል አያገኝም። በዚህም ምክንያት ካርታው ባዶ ይሆናል፤ ሙዚቃው አይከፈትም፤ የድምፅ ትእዛዙም መልስ አይሰጥም። በአንዳንዶቹ ላይ ሰዓቱ እንኳ የቤጂንግን ጊዜ እንደያዘ ይቀራል። ቤጂንግ ከእኛ በ5 ሰዓት ስለምትቀድም፣ አዳማ ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን ስክሪኑ 13 ሰዓት ብሎ ያሳያል፤ ይህን በአገራችን አቆጣጠር ለማንበብ የሚሞክር ተሳፋሪ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

ሆትስፖት ይህን ክፍተት በከፊል ይሞላል። በከፊል የተባለበት ምክንያት በቅጡ ሊጤን ይገባል። በእነዚህ መኪኖች ውስጥ ከውጭ ዓለም ጋር የሚገናኙት ክፍሎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው። አንደኛው አሽከርካሪው ፊት ለፊት የሚያየው ስክሪን ሲሆን፣ ሁለተኛው ከዳሽቦርዱ ውስጥ ተሸሽጎ የተቀመጠው የራሱ ሲምና አንቴና ያለው የመገናኛ ሳጥን ነው። መኪናን ከርቀት በስልክ መክፈትና መቆለፍ፣ የባትሪውን መጠን ቤት ሆኖ መመልከት፣ አደጋ ሲደርስ የአምራቹን የእርዳታ ማዕከል መጥራት የመሳሰሉት አገልግሎቶች የሚሠሩት በሁለተኛው ክፍል በኩል ነው። ሆትስፖት የሚደርሰው ስክሪኑን ብቻ ነው። ስለዚህ ዋይፋይ ካገናኙ በኋላ የርቀት አገልግሎቱ አልሠራም ብሎ ባለሙያ ቤት መመላለስ ትርፉ ድካም ይሆናል። በተጨማሪም በስክሪኑ ላይ ያሉ አንዳንድ ፕሮግራሞች በቻይና የስልክ ቁጥር የተከፈተ አካውንት የሚጠይቁ በመሆናቸው፣ ኢንተርኔት ቢያገኙም አይከፈቱም።

የጉዳዩ ባለቤቶች የኤሌክትሪክ መኪና ያላቸው ብቻ አይደሉም። በቆዩ ቶዮታዎችና ፒካፖች ላይ የሚገጠመው በተለምዶ አንድሮይድ ቴፕ የሚባለው መሣሪያም ብዙውን ጊዜ የራሱ ሲም ስለሌለው በተመሳሳይ መንገድ በሆትስፖት ላይ የተመሠረተ ነው። ከዚህ በታች የሚቀርበው ማብራሪያ ለሁለቱም ወገን ያገለግላል።

የማገናኘቱ ሥራ በስልኩ ላይ ሆትስፖትን ከፍቶ፣ በስክሪኑ የዋይፋይ ዝርዝር ውስጥ የስልኩን ስም መርጦ የይለፍ ቃሉን ማስገባት ነው። ይህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተከናወነ በኋላ ስክሪኑ ስልኩን ያስታውሳል። ቅሬታ የሚበዛው ግን በሁለተኛው ቀን ነው፤ ትናንት የሠራው ዛሬ ጠዋት አልገናኝ ይላል። ለዚህ በአብዛኛው ምክንያት የሚሆነው ስልኩ እንጂ መኪናው አይደለም። ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ማንም ያልተገናኘበትን ሆትስፖት በራሳቸው ይዘጋሉ። አሽከርካሪው መኪናውን ቆልፎ ስብሰባ ሲገባ ስክሪኑ ይጠፋል፤ ስልኩም የሚያገለግለው በማጣቱ ሆትስፖቱን ይዘጋል። በአንድሮይድ ስልኮች የሆትስፖት ማስተካከያ ውስጥ ራሱን የሚዘጋበትን ጊዜ ማራዘም ወይም ጨርሶ መሰረዝ ይቻላል። በአይፎን ግን የግል ሆትስፖት ገጹን ከፍቶ መኪናው እስኪገናኝ ድረስ በዚያው ገጽ ላይ መቆየት ይጠይቃል።

ሌላው ምክንያት የሞገዱ ዓይነት ነው። አዳዲስ ስልኮች ሆትስፖትን በ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ሊያሠራጩ የሚችሉ ሲሆን፣ በርካታ የመኪና ስክሪኖችና አንድሮይድ ቴፖች ግን የሚያውቁት 2.4 ጊጋኸርዝን ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ የስልኩ ስም በዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ አይታይም። መፍትሔው በስልኩ ላይ 2.4 ጊጋኸርዝን መምረጥ ሲሆን፣ በአይፎን ላይ ደግሞ ከቆዩ መሣሪያዎች ጋር እንዲጣጣም የሚያደርገውን ምርጫ ማብራት ነው። ለመኪና ስክሪን የሚሆን ፍጥነት በ2.4 ጊጋኸርዝም በበቂ ሁኔታ ይገኛል።

ሦስተኛው ብዙዎች የማይጠረጥሩት የቀኑ ጉዳይ ነው። የመኪናው 12 ቮልት ባትሪ ተነቅሎ ሲመለስ አንዳንድ አንድሮይድ ቴፖች ከዓመታት በፊት ወደነበረ ቀን ይመለሳሉ። የኢንተርኔት አገልግሎቶች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ሰርተፍኬት የራሱ የጊዜ ገደብ ስላለው፣ ቀኑ የተሳሳተ መሣሪያ ግንኙነቱን አይቀበልም። ዋይፋዩ ተገናኝቷል እያለ ምንም ገጽ የማይከፍት ስክሪን ሲያጋጥም፣ ፓስዎርድ ከመቀያየር አስቀድሞ ቀንና ዓመቱን መመልከት ይበጃል።

ከመነሻው ወደ መንገዱ ሲገባ ደግሞ አንድ ልዩነት ግልጽ መሆን ይኖርበታል። በስክሪኑ ላይ የሚታየው የዋይፋይ ምልክት የሚናገረው በስልኩና በመኪናው መካከል ስላለው የአንድ ክንድ ርቀት ነው። ስልኩ ከቴሌኮም ማማ ጋር ስላለው ግንኙነት የሚናገረው ነገር የለም። በመሆኑም ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ካርታው ሊቆም ይችላል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በደቂቃ 1.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚያልፍ፣ ስልኩ በየጥቂት ደቂቃው ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። አዳማ የአምስተኛው ትውልድ አገልግሎት ከተጀመረባቸው ከተሞች አንዷ ብትሆንም፣ ከከተማ እየራቁ በሄዱ መጠን ማማዎቹ እየተራራቁ ፍጥነቱም እየቀነሰ ይሄዳል። ስልክ ሲደወል ሙዚቃው የሚቋረጥበት ሁኔታም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ጥሪው በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ ላይ የማይስተናገድ ከሆነ ስልኩ ለጥሪው ሲል ወደ ሦስተኛው ወይም ወደ ሁለተኛው ትውልድ ይወርዳል፤ በሁለተኛው ትውልድ ላይ ደግሞ ጥሪና ዳታ አብዛኛውን ጊዜ አብረው አይሄዱም። ጥሪው ሲያበቃ ግንኙነቱ ራሱ ይመለሳል።

ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም መጨረሻና በ2015 ዓ.ም መጀመሪያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ሁለት ሲም በሚቀበል ስልክ የኢትዮ ቴሌኮምንና የሳፋሪኮምን መስመር አብሮ መያዝ የተለመደ ሆኗል። አንዱ ኔትወርክ በደከመበት ስፍራ ሌላው ሊሻል ይችላል። የዳታውን መስመር የሚቀይረው ግን ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ራሱ በመሆኑ፣ ቅያሪው መኪናው ቆሞ የሚከናወን ሥራ ነው።

የአካባቢው አየር ንብረት የራሱን ጫና ያሳድራል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1 ሺህ 600 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት አዳማ ተነስቶ ወደ መተሃራ የሚወርድ መንገደኛ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ 1 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይደርሳል። በፈንታሌ ተራራ ግርጌ የሚጠብቀው ሙቀትም ከአዲስ አበባው ፈጽሞ የተለየ ነው። ስልክ ሆትስፖት ሲያሠራጭ፣ ከማማ ጋር ሲነጋገርና ቻርጅ ሲደረግ ሦስቱም ሙቀት ያመነጫሉ። አፕል ለአይፎን ያስቀመጠው የአካባቢ ሙቀት ወሰን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የተቀመጠ ስልክ ይህን ወሰን ለማለፍ ረጅም ጊዜ አይፈጅበትም። የሞቀ ስልክ አስቀድሞ ቻርጅ መቀበል ያቆማል፤ ቀጥሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በመጨረሻም ራሱን ያጠፋል። አሽከርካሪው ገመዱ ስለተሰካ ቻርጅ እየሆነ ነው ብሎ ሲያስብ ባትሪው እየወረደ የሚገኝበት አጋጣሚ የሚፈጠረው በዚህ መንገድ ነው። ስለሆነም የስልኩ ተገቢ ቦታ ከመስታወቱ ሥር ሳይሆን ጥላ ባለበት የመሐል ኪስ ውስጥ ወይም ቀዝቃዛ አየር በሚነፍስበት አካባቢ ነው።

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ክብደት የሚያገኘው። በ2013 ዓ.ም ቴሌብር ሥራ ከጀመረ፣ በ2015 ዓ.ም ደግሞ የነዳጅ ግብይት በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልሎች በተስፋፋው አሠራር በኤሌክትሮኒክ ክፍያ እንዲፈጸም ከተደረገ ወዲህ፣ ስልኩ የጠፋበት አሽከርካሪ በማደያ ፊት ለፊት ቆሞም ነዳጅ ለመቅዳት ይቸገራል። የኤሌክትሪክ መኪና የሚነዳውም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም በአዲስ አበባ ሥራ ያስጀመረው የፈጣን ቻርጅ ማዕከል ክፍያውን የሚቀበለው በቴሌብር ነው። ለምሳሌ ከአዳማ ወደ መተሃራ ለመስክ ሥራ የተሰማራን አንድ የመሥሪያ ቤት መኪና እንውሰድ። ስክሪኑ ሙዚቃና ቪዲዮ ሲስብ ውሎ ስልኩ ከሰዓት በኋላ ቢጠፋ፣ አሽከርካሪው የሚያጣው ዘፈን ብቻ አይሆንም፤ መክፈል አይችልም፣ መሥሪያ ቤቱ ሊያገኘው አይችልም፣ ጎማ ቢፈነዳ ደውሎ እርዳታ መጠየቅ አይችልም።

የዳታ ፍጆታውን በቁጥር መመልከት ይጠቅማል። ካርታ እየተመለከቱ መንዳት በሰዓት የሚወስደው ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው። በሴኮንድ 128 ኪሎቢት የሚለቀቅ ሙዚቃ በሰዓት 58 ሜጋባይት ገደማ ይፈጃል። በመጠነኛ ጥራት፣ ማለትም በሴኮንድ 1.5 ሜጋቢት የሚታይ ቪዲዮ ግን በሰዓት 675 ሜጋባይት ይወስዳል። ለ4 ሰዓት የደርሶ መልስ ጉዞ ሙዚቃው 230 ሜጋባይት ሲጠይቅ፣ ቪዲዮው 2.7 ጊጋባይት ይደርሳል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ማንም ሳያዝዘው የሚወርደው ነው። ስልክ በሞባይል ዳታ ላይ ሲሆን የሚቆጥብ ፍጥረት ነው፤ ትልልቅ ፋይሎችን ከማውረዱ በፊት ዋይፋይ እስኪያገኝ ይጠብቃል። የመኪናው ስክሪን ግን ሆትስፖቱን ብዙውን ጊዜ የሚያየው እንደ ቤት ወይም እንደ ቢሮ ዋይፋይ፣ ማለትም እንደማያልቅ ምንጭ ነው። ባለቤቱ የከፈለበት የቀን ጥቅል መሆኑን ላያውቅ ይችላል። በመሆኑም የፕሮግራም ማሻሻያዎችን በጊጋባይት የሚቆጠሩ ቢሆኑም እንኳ ከጀርባ ሆኖ ማውረድ ሊጀምር ይችላል፤ ጥቅሉም ጉዞው ሳይጋመስ ሊያልቅ ይችላል፤ ከዚያም ከዋናው ሒሳብ መቁረጥ ሊጀምር ይችላል። ይህን ለማስቀረት በስክሪኑ የዋይፋይ ማስተካከያ ውስጥ ግንኙነቱን በመጠን የሚከፈልበት አድርጎ መመዝገብና ፕሮግራሞች በራሳቸው እንዳይታደሱ መዝጋት ያስፈልጋል። ይህ ምርጫ በሌለበት ስክሪን ላይ ደግሞ ሆትስፖቱን በሚፈለግበት ሰዓት ብቻ መክፈት አማራጭ የለውም።

መንገድ ለማወቅ ሲባል ብቻ ሆትስፖት ከፍቶ መዋል የሚያስፈልግበት ምክንያትም የለም። መኪናው ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይት በሚመጣ የጂፒኤስ ምልክት ሲሆን፣ ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው የካርታውን ሥዕል ለማምጣት ነው። ኦፕንስትሪትማፕን መሠረት ያደረጉና ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ የካርታ ፕሮግራሞች የመላ ኢትዮጵያን ካርታ አስቀድመው እንዲያወርዱ ስለሚያስችሉ፣ ቢሮ ውስጥ ባለው ዋይፋይ አንድ ጊዜ ማውረድ ለመስመሩ ሁሉ ይበቃል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ከአዳማ ወጥቶ ለሚጓዝ ማንኛውም የመሥሪያ ቤት መኪና ይህ የመጀመሪያው ዝግጅት ሊሆን ይገባል።

የስልኩን ገጽታ በኬብል ወደ ስክሪኑ የሚያመጡት ካርፕሌይና አንድሮይድ አውቶም ለዚሁ ዓላማ የተሻሉ ሆነው ይገኛሉ። በእነዚህ አሠራሮች ኢንተርኔቱን የሚጠቀመው ስልኩ ራሱ ስለሆነ ሆትስፖት አያስፈልግም፤ የስልኩ የቁጠባ ልማድም እንደተጠበቀ ይቆያል። በገመድ አልባው ዓይነት ግን ስልኩ ራሱ ከመኪናው ዋይፋይ ጋር ስለሚያያዝ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ሆትስፖት ለመክፈት ሲሞከር ሁለቱ ሊጋጩ ይችላሉ። ያለ በቂ ምክንያት እየተቋረጠ የሚያስቸግር ግንኙነት ሲያጋጥም ይህን መፈተሽ ተገቢ ነው።

ለመሥሪያ ቤቶች የሚቀረው ጥያቄ ዳታውን ማን ይከፍላል የሚለው ነው። የመንግሥት መኪና በአሽከርካሪው የግል ስልክና በግል ጥቅሉ ሲገናኝ ወጪው በየትኛውም መዝገብ ላይ አይታይም። ለመስክ ሥራ ግንኙነት አስፈላጊ ነው ከተባለ፣ በመሥሪያ ቤቱ ስም የተመዘገበ ሲም የገባበት አነስተኛ የዋይፋይ መሣሪያ በመኪናው ዩኤስቢ ላይ ሰክቶ መጠቀም የተሻለ መንገድ ነው። የአሽከርካሪው ስልክ ለጥሪና ለክፍያ ይተርፋል፤ ወጪውም በአግባቡ ይወራረዳል። የራሱ ባትሪ ያለውን ዓይነት ግን በመተሃራ ፀሐይ በተዘጋ መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ ባትሪውን ሊያሳብጠው ስለሚችል፣ ከመኪናው ሲወርዱ ይዞ መውረድ ይገባል።

በእጅ ስልክ ይዞ ማሽከርከር በትራፊክ ደንብ የተከለከለ መሆኑ የታወቀ ነው። ሆትስፖት ለመክፈት የሚደረገው ፍለጋም ከዚህ የተለየ ተደርጎ ሊታይ አይችልም፤ በፍጥነት መንገድ ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየተጓዙ ለ3 ሴኮንድ ዓይንን ከመንገድ ማንሳት 80 ሜትር ያህል ሳያዩ መንዳት ነው። ግንኙነቱ ከመነሳት በፊት ይጠናቀቅ፤ መንገድ ላይ ቢቋረጥም አጠገብ ያለው ተሳፋሪ ያስተካክለው።

በመጨረሻ የሚነሳው የመረጃ ጥበቃ ጉዳይ ነው። የመሥሪያ ቤት መኪና ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ስክሪኑ የተገናኙትን ስልኮች ስምና የይለፍ ቃል፣ በብሉቱዝ የተቀዳውን የስልክ ማውጫ፣ የተደወሉ ቁጥሮችንና የተሄደባቸውን ቦታዎች ይዞ ይቆያል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በሥራ ላይ በዋለበት በአሁኑ ወቅት የአንድ ኃላፊ የስልክ ማውጫ ለሚቀጥለው ተረካቢ ሳይታወቅ ሲተላለፍ መመልከት አግባብ አይሆንም። የሆትስፖቱ የይለፍ ቃል ከ1 እስከ 8 የተደረደረ ቁጥር ሳይሆን ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት እንዲሆን፣ የሆትስፖቱ ስምም የመሥሪያ ቤቱን ወይም የኃላፊውን ማንነት የማይገልጽ እንዲሆን ይመከራል። መኪናው በርክክብ፣ በጥገና ወይም በሐራጅ ከመሥሪያ ቤቱ ሲወጣ የንብረት ክፍሉ ጎማና ክሪክ ቆጥሮ እንደሚረከብ ሁሉ፣ የስክሪኑ ማኅደረ ትውስታ ወደ ፋብሪካ ይዞታው መመለሱን አረጋግጦ በርክክብ ቅጹ ላይ ማስፈር ይጠበቅበታል።